«ማሽላ ነበር»

ከቆቦ ከተማ ወጥተን፣ አስፋልቱን ለቅቀን በእግር ወደ ምሥራቅ ስናቀና የዞብል ተራራ ፊት ለፊት ተገትሯል። መስከረም ከገባ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። በግራችን ከሰው ቁመት ያለፈ ማሽላ፣ በቀኛችን ከጉልበት በታች የሆነ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ የሚላወስ ጤፍ። ከፊቴ የምትሄደው ወጣት የዳሰሳ ሠራተኛ በአንድ እጇ ታብሌት፣ በሌላው ጃንጥላ ይዛለች። ጃንጥላው ለዝናብ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አልታይ ስለሚላት ነው።

አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ስትደርስ ቆመች። ባለቤቱ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ አዛውንት፣ ድንበሩ ላይ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«እንደምን አደሩ አባባ። መሃል ገብቼ አንዴ ቆሜ ልመለስ፤ ይፈቅዱልኛል?»

«ግቢ ልጄ። እንዳትረግጪው ብቻ፣ እግርሽን እያነሣሽ።»

ገባች። የጂፒኤሱ ስሕተት ከአምስት ሜትር በታች እስኪወርድላት እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። ታብሌቷን ነካ ነካ አድርጋ፣ ፎቶ አንሥታ ተመለሰች። ቅጹ አጭር ነው። የሰብሉ ዓይነት፦ ጤፍ። የተዘራበት ጊዜ፦

«መቼ ነው የዘሩት አባባ?»

«የትኛውን?»

ቀና አለች።

«ግንቦት ላይ ማሽላ ዘርቼ ነበር። ደኅና አድርጎ በቀለ። ሰኔን ሙሉ ጠብ ሳይል ቀረና ተቃጠለ። ሐምሌ ላይ ገልብጬ ይሄን ጤፍ ጣልኩበት።»

የቅጹ ሳጥን የሚቀበለው አንድ ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ በጂፒኤስ የተመዘገቡ ነጥቦች በመቶዎች ሲጠራቀሙ ለኮምፒውተር ማስተማሪያ ይሆናሉ። ከምድር 786 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚዞሩት የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ በዚህ ሜዳ ላይ ያልፋሉ። ምስሉ ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ አውርዶ ሊያየው ይችላል። ምስሉ ግን ስለ ራሱ አይናገርም። ይኼ ጤፍ ነው፣ ያኛው ማሽላ ነው ብሎ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ ማሳው ውስጥ ቆሞ የጠየቀ ሰው።

ሳተላይቱ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ከቅጠል መነሣት ይሻላል። ለምለም ቅጠል ቀዩን የብርሃን ክፍል ለምግቡ ይወስዳል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ደግሞ ገፍቶ ይመልሰዋል። ደረቅ አፈር እንዲህ ዓይነት አድልዎ የለበትም፤ ሁለቱንም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይመልሳል። ስለዚህ የሁለቱን ልዩነት ወስዶ በድምራቸው ማካፈል ነው። ከ-1 እስከ 1 ባለው መስፈሪያ ላይ ወደ 1 የተጠጋው ለምለም ነው፤ ዜሮን የተጠጋው ባዶ መሬት። ባለሙያዎቹ «ኤንዲቪአይ» ይሉታል። ከዚህ ሥሌት ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ኮምፕተን ታከር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ጥናት በዘርፉ እስካሁን ይጠቀሳል፤ እሱና ባልደረቦቹ በናሳ ሆነው ለአየር ጠባይ ትንበያ የተሠሩ ሳተላይቶችን የሳህልን ሣር እንዲቆጥሩ አደረጓቸው።

ለማሳ ግን የዚያን ጊዜው ዓይን ሻካራ ነበር። ገበሬ በሚገባው መስፈሪያ እንየው። ጥማድ የሄክታር ሩብ ነው ብንል፣ 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ የመጠቀው የናሳው ቴራ ሳተላይት የያዘው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ በጠራው ምስሉ እንኳ አንዷ የምስል ነጥብ በየጎኗ 250 ሜትር ናት፤ ይህም 25 ጥማድ ማለት ነው። የአንድ ጎጥ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ግጦሽና ግራር ተጨፍልቆ አንድ ቀለም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው፣ በ2017 ሁለተኛው የመጠቁት ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ነጥባቸው 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ጥማዷ በአንዴ 25 ነጥብ አገኘች።

ይህን ሰምቶ «በቃ፣ ተፈታ» ለሚል ሰው ወሎን ማሳየት ነው። እዚህ ማሳ እንደ ካሬ ወረቀት አልተቆረጠም። ሃያ ሜትር ስፋትና መቶ ሃያ አምስት ሜትር ርዝመት ያላት ጥማድ ብትኖር፣ የሳተላይቱ መረብ ከድንበሯ ጋር ገጥሞ ስለማይወርድ ከጎረቤት ሳይነካኩ ሙሉ በሙሉ ውስጧ የሚያርፉት ነጥቦች ቢበዛ አንድ ደርዘን ቢሆኑ ነው። የቀሩት ግማሽ የእርሷ፣ ግማሽ የሌላ ሰው ናቸው። መሃሏ አንድ ሰፊ ግራር ካለ ደግሞ ከደርዘኑም ይቀነሳል። በቆቦ የማሽላ ማሳዎች ውስጥ ግራር ማየት ብርቅ አይደለም።

በደረቅ አካባቢ ሌላም ጣጣ አለ። ሰብሉ ስስ ነው፤ በቅጠሎቹ መካከል አፈሩ ይታያል። መረሬው ዝናብ ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይገረጣል፤ ሰብሉ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። አልፍሬዶ ሁዌቴ የተባለ የአፈር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1988 የአፈሩን ጫና የሚያስተካክል ሌላ ሥሌት ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ረድቷል፤ ችግሩን ግን አላጠፋውም።

ታዲያ ጤፍና ማሽላ በምን ይለያሉ? አንድን ምስል ብቻ ያየ ሰው አይለያቸውም። መስከረም ላይ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ አረሙም፣ የድንበሩ ሣርም እንደዚሁ። ጤፍ ራሱ ከሣር ወገን ነው። የሚለያቸው የዓመቱ አካሄዳቸው ነው። በዚህ አገር ረዥም ጊዜ የሚፈልገው የአገሬው ማሽላ፣ እነ ደጋሊትና ጅጉርቴ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘራል። ሰኔ ላይ ማሳው አረንጓዴ መሆን ይጀምራል፤ ሽልሻሎ ይሸለሸላል። የጤፉ ማሳ በዚያ ሰዓት ገና እየታረሰ ነው። ይታረሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል፤ ሐምሌ እስኪመጣ ባዶ ቡናማ መሬት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ «መስከረም ላይ ማን ለመለመ?» አይደለም፤ «ሰኔ ላይ ማን ለምልሞ ነበር?» ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን የሚወስንበት ዘዴ ዕድርተኞች እጅ እያወጡ ከሚወስኑበት ብዙ አይርቅም። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዳኞች ይቋቋማሉ። እያንዳንዱ ዳኛ የራሱን ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ሰኔ አጋማሽ ላይ ቁጥሩ ከዚህ በላይ ነበር? ጥቅምት ላይ ቶሎ ወረደ? ኅዳር ላይ አሁንም አገዳ ቆሟል? ከዚያ «ጤፍ» ወይም «ማሽላ» ብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ አብላጫው ያሸንፋል። ዳኞቹ ጥያቄያቸውን የሚማሩት ልጅቷ ከምትሰበስባቸው ነጥቦች ነው። ነጥቡ ከተሳሳተ ዳኛው ጠማማ ይሆናል።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ሰብሉ በሚያድግበት ሰዓት ሰማዩ ይዘጋል። በየአምስት ቀኑ የሚያልፈው ሳተላይት በሁለት ወር 12 ጊዜ ያያል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ግን ደመና ነው። እዚህ ላይ የሚደርሰው ራዳር ነው። ሴንቲኔል-1 የተባለው ሳተላይት የፀሐይ ብርሃን አይፈልግም፤ የራሱን ሞገድ ልኮ ሲመለስ ይለካዋል፤ ደመና አያግደውም። ቀለም አያይም፤ ቅርጽ ያያል ብንል ይቀላል። ረዥምና ወፍራም አገዳ ሞገዱን እያጋጨ በአንድ መንገድ ይመልሳል፤ ቀጭኑና አጭሩ ጤፍ በሌላ። ይሁንና አዲስ የታረሰ ሻካራ መሬትም ራዳሩን ያደናግራል። ለዚህ ነው ሁለቱ ዓይነት ሳተላይቶች ተጣምረው የሚሠሩት።

እህልን ከሰማይ መቁጠር የተጀመረው ግን ለተራበ ሰው ተብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሶቪየት ኅብረት ምርቷ ሲበላሽባት አሜሪካ ገበያ ገብታ ድምፅ ሳታሰማ እጅግ ብዙ ስንዴ ገዛች። ሻጮቹ የገዢውን ችግር ያወቁት ዋጋው ከናረ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ናሳና የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ከሌሎች ጋር ሆነው የሩቅ አገርን ስንዴ በሳተላይት የሚገምት ትልቅ ሙከራ ጀመሩ። መሣሪያው በዚያው በ1972 ሐምሌ የመጠቀው ላንድሳት ነበር፤ ነጥቡ ወደ 80 ሜትር፣ ማለትም ሁለት ጥማድ ተኩል ያህል። ለሶቪየት የጋራ እርሻ ሰፊ ማሳ ይበቃል። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ወሎ ላይ ዝናቡ ጠፋ። ያንን ረኀብ ለዓለም ያሳየው ከሰማይ የተነሣ ምስል አይደለም፤ ካሜራ ተሸክሞ በእግሩ የመጣ ሰው ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላም እንደዚያው ሆነ። ከቆቦ በስተሰሜን ተራራው ላይ ያለችው ኮረም ስሟ በዓለም የተሰማው በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጥሪውን አቅርቦ ነበር። ወሬው አልጠፋም፤ ሰሚ ነው የጠፋው። ይህን የምለው የሳተላይት ሰዎች ሲናገሩ «መረጃ ቢኖር ኖሮ» የሚል ቃል ስለሚያበዙ ነው። ከዚያ ረኀብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ አሜሪካኖቹ ዛሬ ፊውስ ኔት የምንለውን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ። የታከር ሥሌት ዋነኛ መሣሪያው ሆነ። የዝናብ ግምትና የልምላሜ ካርታ በየዐሥር ቀኑ ማውጣት ከዚያ ወዲህ የተለመደ ሥራ ነው፤ የእኛም የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ያደርገዋል።

የልምላሜ ካርታ ዘንድሮን ካለፉት ዓመታት አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ከአማካዩ በታች ሲሆን ቀይ፣ በላይ ሲሆን አረንጓዴ ይቀባል። ሰብሉ በሙሉ ሲደርቅ ይህ ካርታ አይሳሳትም። አዛውንቱ ግን ማሳቸውን ባዶ አልተዉም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመለስ ጤፍ ጣሉበት፤ ዛሬ መስከረም ላይ ማሳው ለምለም ነው። ከሰማይ ያየው ሰው «ደኅና ዓመት» ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ደኅና ዓመት ነው ወይ? የዚህ የራያ ምድር ገበሬ መሰላል አለው። ረዥሙ ማሽላ መጀመሪያ፤ እሱ ካልሆነ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፤ ካልሆነ ጤፍ፤ ያም ካልሆነ መስከረም ላይ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የሚጎድል ነገር አለ። የአገሬው ማሽላ እህል ብቻ ሆኖ አያውቅም። አገዳው የበሬ ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። የጤፍ ጭድ ለከብትም ለጭቃ ቤትም ይሆናል፤ መጠኑ ግን አይደርስም። ማሽላው የከሸፈበት ቤት ጤፉን ሸጦ ማሽላ ይሸምታል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው ስለሆነ ማሽላው ይወደዳል። ጥር ላይ ቀለብ ሲያልቅ በሬ ገበያ ይወጣል። ይህ ሁሉ ታሪክ የተጻፈው ማሽላው በጤፍ በተተካባት ቅጽበት ነው። የሰብል ዓይነት ካርታ፣ በተለይም «እዚህ ማሽላ ነበር፣ አሁን ጤፍ ነው» የሚል ካርታ ቢኖር፣ የጥርን ችግር መስከረም ላይ ያሳየን ነበር። የልምላሜ ካርታ ያንን ይሸፍነዋል።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ካርታው ለምን የለም? ምስሉ ውድ ነው የሚለው ምክንያት ድሮ ይሠራ ነበር፤ አንድ የላንድሳት ምስል 600 ዶላር የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ክምችቱ በሙሉ በነጻ ነው። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስመጥቃ ከእንጦጦ ተከታትላለች፤ ክብደቷ 72 ኪሎ፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ያነሰች። የጎደለው ምስል አይደለም፤ ስም ነው። ይህ ማሳ ምን እንደተዘራበት የሚናገር የተመዘገበ ስም።

አሜሪካ ይህን ስም ሳትደክም ታገኘዋለች። የካንሳስ ገበሬ ድጎማና መድን ለማግኘት በየዓመቱ ማሳው ላይ ምን እንደዘራ ለመንግሥት ቢሮ ያሳውቃል። የአገሪቱ እርሻ ሚኒስቴር ያንን መዝገብ ከሳተላይት ምስል ጋር አጋጥሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አርባ ስምንቱን ተያያዥ ግዛቶች የሚሸፍን የሰብል ካርታ በየዓመቱ ያወጣል፤ ማሽላም በስሙ አለ። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ወርልድሲሪያል ብሎ በ10 ሜትር ጥራት የዓለምን እህል ሲያወጣ እ.ኤ.አ. ለ2021 የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች በቆሎንና እንደ ስንዴ፣ ገብስ ያሉትን ነው የለዩት። በአገራችን ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍነው ጤፍ ግን በዚያ ካርታ ላይ ስም የለውም። አድልዎ ነው ብዬ አልከስም፤ ማሽኑ የሚያውቀው የተነገረውን ነው፣ የነገረው ሰው ደግሞ ጤፍ አይበላም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሞከሩት መካከል ካትሪን ናካሌምቤ የምትባል ዩጋንዳዊት ሳይንቲስት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአፍሪካ የምግብ ሽልማትን ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዷ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው ነገር ቀላል ነው፤ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ራስ ቁር ላይና መኪና ላይ ካሜራ ማሰር። በመንገድ ሲያልፉ የዳሩ ማሳ ይቀረጻል፣ ከፎቶው ሰብሉ ይለያል፣ ነጥቡ ከሳተላይቱ ምስል ጋር ይገጥማል። በአንድ ቀን በእግር የማይደረስ ብዙ ማሳ ይሸፈናል። ቆቦ ላይ ቢሆን ባጃጅ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ጉድለቱ ግን ያው ነው፤ መኪና የማይገባበት ማሳ አይቀረጽም፣ ካሜራውም «የትኛውን ዘር?» ብሎ አይመልስም።

እኛ ጋ ደግሞ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ሌላ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ብዙ ወረዳዎች ማሳቸውን በድንበሩ ልክ ከአየር ፎቶ ላይ አንሥተው መዝግበዋል። በሌላ በኩል የስታቲስቲክስ ቆጣሪዎች በየዓመቱ በተመረጡ ቀበሌዎች ማሳ ለክተው፣ ሰብሉን ጠይቀው፣ ምርቱን ናሙና አጭደው ይመዝናሉ። ድንበሩ አንድ ቦታ፣ የሰብሉ ስም ሌላ ቦታ፣ ምስሉ ሰማይ ላይ። ሦስቱ ቢገናኙ እዚህ ሜዳ ላይ በጃንጥላ የሚሠራው ሥራ በግማሽ ይቀል ነበር።

ከፍ አድርጌ እንዳልሸጠው ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ሳተላይት ቅጠል ነው የሚያየው፤ ፍሬ አያይም። ዝናቡ መስከረም መጀመሪያ ላይ ቢቋረጥ ማሽላው ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ራሱ ባዶ ሊቀር ይችላል። ግሪሳ ወፍ በመንጋ ወርዶ ፍሬውን ለቅሞ ቢሄድ አገዳው እንደቆመ ነው፤ ካርታው ላይ ምንም አልሆነም።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ ዓዲ ሓ በምትባል ቀበሌ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው የድርቅ መድን ገቡ። ክፍያው የሚወሰነው ማሳው ታይቶ አይደለም፤ ሳተላይት በገመተው ዝናብ ነው። ማሳ ለማሳ የሚዞር ገማች ስለሌለ ርካሽ ነው፣ ሥራውም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። ግን ሳተላይቱ «ዘነበ» ሲል የአንድ ገበሬ ማሳ ደርቆ ከሆነ ያ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ መድን ያልገባው ጎረቤቱ ቢያንስ አረቦን አላወጣም። ስለዚህ ካርታው እስከ ማሳው ካልጠራ ስሕተቱን የሚሸከመው ካርታውን የሠራው ሰው አይደለም።

ወደ ጤፉ ልመለስ። ልጅቷ ሳጥኑ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆማለች። «ሐምሌ» ብላ ብትሞላ ትክክል ነው፤ ይህ ጤፍ የተዘራው ሐምሌ ነው። ሳተላይቱ ግን በዚች ማሳ ላይ ሰኔ ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ አይቷል፣ ሲጠፋም አይቷል፣ ነሐሴ ላይ እንደገና ሲወጣ አይቷል። ሁለት ጉብታ። ጎኑ «ጤፍ» ብቻ ከተጻፈበት ኮምፒውተሩ ጤፍ ሰኔ ላይም ይበቅላል ብሎ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ያለውን ማሽላ ሁሉ ይጠረጥራል። ታሪኩ ከተጻፈ ግን ሁለት ጉብታው ራሱ ስም ያገኛል፤ እንዲህ ያለ ማሳ ስንት እንደሆነ ከቆቦ እስከ ሮቢት መቁጠር ይቻላል።

ከቅጹ ግርጌ «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ያልፋል። ጃንጥላዋን ለእኔ ሰጥታ መጻፍ ጀመረች።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሏት አዛውንቱ፣ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰገግ አድርገው።

«‹ማሽላ ነበር› ብዬ።»

ጥቂት ዝም አሉ። እጃቸውን ወደ ማሳው ዘረጉ፣ አሁንም የቆመ ይመስል።

«ደጋሊት ነበር በይ።»

አጠፋችና እንደገና ጻፈች።